ስለ ኢያን ሆልም ረጅምና ብዙ መልክ ያለው የትወና ሕይወት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢያን ሆልም ማን ነበር?

ሰር ኢያን ሆልም ከ1954 እስከ 2014 ድረስ ለስድሳ ዓመት ያህል በመድረክ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በፊልም የሠራ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኛው የፊልም ተመልካች የሚያውቀው በ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የአስማቱን ቀለበት ለወጣት ዘመዱ ለፍሮዶ ትቶ የሚሄደው ሽማግሌ ቢልቦ ባጊንስ ሆኖ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉት ደግሞ በ1979 በወጣው «ኤሊየን» ውስጥ ሰው መስሎ በሰዎች መካከል የሚኖረውን አሽን ያስታውሳሉ። እነዚህን ሁለት ገጸ ባሕርያት የተጫወተው አንድ ሰው መሆኑ ሲነገረው የማይደነቅ ተመልካች ጥቂት ነው፤ ስለ ሆልም የሚነሡት ጥያቄዎችም ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዚሁ መደነቅ ነው።

«የገጸ ባሕርይ ተዋናይ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው የፊልም ዓለም ተዋንያን በልማድ ለሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ኮከብ የሚባለው ነው። ተመልካቹ ቲኬት የሚገዛው እርሱን ለማየት ስለሆነ፣ ኮከቡ በየፊልሙ ልብሱንና ስሙን ቢለውጥም ራሱን ይዞ ይመጣል፤ ይዞ እንዲመጣም ይፈለጋል። ሁለተኛው የገጸ ባሕርይ ተዋናይ ነው። የእርሱ ድርሻ በጽሑፉ ላይ የተሣለውን ሰው አካል ማልበስ ሲሆን፣ ሥራው የተሳካ ከሆነ ተመልካቹ ሰውዬውን እንጂ ተዋናዩን አያስታውስም።

የብሪታንያ ቴአትር ለዚህ ዓይነቱ ተዋናይ የተመቸ ቤት ነበር። በአንድ ወቅት ብዙ ተውኔቶችን እያፈራረቁ በሚያሳዩት ቲያትር ቤቶች አንድ ተዋናይ ማክሰኞ ማታ ንጉሥ፣ ረቡዕ ማታ አሽከር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህም የሚናን ትንሽነት እንደ ውርደት አይቆጥርም። ሆልም የተገኘው ከዚህ ትምህርት ቤት ነው። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጋ ያለና ጥርት ያለ፣ ፊቱም በመንገድ ቢያልፍ ዘወር ተብሎ የማይታይ ዓይነት ነበር። እነዚህን ሁሉ እንደ ጉድለት ሊቆጥራቸው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን መሣሪያ አደረጋቸው።

ወደ ትወና የገባው እንዴት ነው?

ሆልም መስከረም 12 ቀን 1931 በምሥራቅ ለንደን አጠገብ በምትገኘው ጉድሜስ ተወለደ። ሙሉ ስሙ ኢያን ሆልም ከዝበርት ሲሆን፣ በኋላ የሚታወቅበት «ሆልም» የእናቱ የቤተሰብ ስም ነው። ወላጆቹ ስኮትላንዳውያን ነበሩ፤ እናቱ ነርስ፣ አባቱ ደግሞ የአእምሮ ሐኪምና የአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የበላይ ኃላፊ ነበር። ልጁ ያደገው በዚያ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው።

ይህንን ለመነሻ ያህል ብቻ ጠቅሶ ማለፍ አይገባም። በ1994 በወጣው «ዘ ማድነስ ኦፍ ኪንግ ጆርጅ» በተባለው ፊልም፣ አእምሮው የታወከውን የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊን የሚያክመውን ዶክተር ዊሊስን የተጫወተው ሆልም ነው። ንጉሡን በወንበር ላይ አስሮ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚገሥጸው ያ ሐኪም ጨካኝ ነው ወይስ አዳኝ ብሎ ለመወሰን ይቸግራል፤ ሆልም ሁለቱንም በአንድ ፊት ይዞ ይቆማል። በልጅነቱ ግቢው ውስጥ ካየው ምን ያህሉ ወደዚያ ሚና እንደ ገባ መለካት አይቻልም፤ እኔ ግን ያንን ፊልም ባየሁ ቁጥር አባቱ ትዝ ይለኛል።

በ1950 ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊው ድራማ ጥበብ አካዳሚ ገባ። የግዴታ ወታደራዊ አገልግሎት ትምህርቱን አቋርጦበት ኦስትሪያ ድረስ ወስዶት ነበርና ያጠናቀቀው በ1953 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሼክስፒር የትውልድ ከተማ ወደ ስትራትፎርድ ሄዶ በ«ኦቴሎ» ተቀጠረ፤ ሚናውም አንዲት ቃል ሳይናገር ጦር ይዞ መቆም ነበር።

በስትራትፎርድ ምን ሠራ?

ከሞላ ጎደል ሁሉንም። ጦር ይዞ ከመቆም ተነሥቶ እስከ ዘውድ ደረሰ፤ ይህ ግን ዐሥር ዓመት ፈጅቷል። በ1959 ስትራትፎርድ ላይ ሁለት ታላላቅ የዘመኑ ተዋንያን ነበሩ። ከአንደኛው ከሎረንስ ኦሊቪዬ ጋር በ«ኮሪዮሌነስ» በትንሽ ሚና ተሳተፈ። ሌላው ቻርልስ ሎተን «ንጉሥ ሊር»ን ሲጫወት ሆልም የንጉሡ አጫዋች ሆኖ በአጠገቡ ቆመ። ይህቺን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁና።

ቀጥሎ አዘጋጁ ፒተር ሆል የስትራትፎርዱን ቴአትር ተረክቦ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ የተባለውን ቡድን ሲያቋቁም፣ ሆልም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆነ። በ1963 ሆልና ጆን ባርተን የሼክስፒርን የ«ሄንሪ ስድስተኛ»ና የ«ሪቻርድ ሣልሳዊ» ተውኔቶች አንድ ላይ አቀናብረው «ዘ ዎርስ ኦፍ ዘ ሮዝስ» በሚል ርእስ ለመድረክ አበቁ፤ ሪቻርድ ሣልሳዊ ሆልም ነበር። በ1964 የሼክስፒር 400ኛ የልደት ዓመት ሲከበር ደግሞ አልጋ ወራሹን ሃልንና ያው ልጅ አድጎ የሚሆነውን ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛን በተከታታይ ተጫወተ።

ሪቻርድ ሣልሳዊ ተዋንያን ጉብጠቱንና ክፋቱን እያጎሉ የሚፎካከሩበት ሚና ነው። የሆልም ሪቻርድ ግን ወጣትና ቀልጣፋ፣ በመጀመሪያ እይታ የማያስፈራ ልጅ ነበር፤ አስፈሪነቱም ከዚያው የሚመነጭ ነው። ሄንሪ አምስተኛንም የፈከረ ጀግና ከማድረግ ይልቅ ጭቃ የነካው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ኃላፊነት የከበደው ወታደር አደረገው። ለዚህ ሥራው በ1965 የኢቪኒንግ ስታንዳርድ ሽልማት ተሰጠው።

በ1989 ኬነዝ ብራና «ሄንሪ አምስተኛ»ን በፊልም ሲሠራ፣ ሆልም የንጉሡን ዘውድ ለወጣቱ ትቶ በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ ያለውን ጨቅጫቃና ታማኝ የዌልስ ሻምበል ፍሉዌለንን ተጫወተ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በፍራንኮ ዘፊሬሊ «ሐምሌት» ፊልም ፖሎኒየስ ሆነ። ተውኔቱን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የሚያውቅ አንባቢ፣ ያ ምክር የማያልቅበት ሽማግሌ አሽቃባጭ ብቻ አለመሆኑን፣ ሥልጣን አጠገብ የኖረ የሚፈራ አባትም እንደሆነ ከሆልም ፊት ላይ ያነበዋል።

የሃሮልድ ፒንተር ስም ከእርሱ ጋር የሚነሣው ለምንድን ነው?

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ፒንተር የጻፈው ቃለ ተውኔት ከላይ ሲታይ ተራ የቤት ወሬ ነው፤ ከሥሩ ግን ሰዎቹ ለበላይነት ይታገላሉ፤ ዝምታውም እንደ ንግግሩ በጽሑፉ ላይ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ይህንን የሚጫወት ተዋናይ ስሜቱን አውጥቶ ካሳየ ተውኔቱ ይፈርስበታል፤ ደብቆ ካስቀረው ደግሞ ይደርቅበታል። ሆልም በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን መስመር የሚያውቅ ተዋናይ ነበር።

በ1965 «ዘ ሆምካሚንግ» በፒተር ሆል አዘጋጅነት ለንደን ላይ ሲታይ ሌኒ የተባለውን ሚና ያዘ። ሌኒ አባቱ፣ አጎቱና ወንድሙ በሚኖሩበት የሰሜን ለንደን ቤት ውስጥ ያለ፣ አለባበሱ የጠራ፣ ንግግሩ ትሑት፣ ሥራው ግን በሴቶች ገላ መነገድ የሆነ ሰው ነው። በሌሊት ከወንድሙ ሚስት ከሩዝ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ስለ አንድ ብርጭቆ ውኃ የሚከራከሩበት ትዕይንት አለ፤ ብርጭቆውን ማን ይወስደዋል የሚለው ጥያቄ በዚያ ቤት ማን ይገዛል ወደሚለው ይለወጣል። ተውኔቱ በ1967 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ደርሶ ሆልም በደጋፊ ተዋናይነት የቶኒ ሽልማትን አገኘበት። በ1973 ፒተር ሆል ራሱ ወደ ፊልም ስለ ለወጠው ያ ሌኒ ዛሬም ይገኛል።

ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ የደብሊኑ ጌት ቴአትር ይህንኑ ተውኔት ሲያዘጋጅ ሆልም እንደገና ተጠራ። በዚህ ጊዜ የተሰጠው ሚና የሌኒ አባት፣ ተሳዳቢው አሮጌ ሥጋ ሻጭ ማክስ ነበር። ልጅ ሆኖ አባቱን ሲያናድድ በነበረበት ቤት ውስጥ አባት ሆኖ ተቀመጠ። የዚህን ተዋናይ ሕይወት ከሌሎች የሚለየው ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ከሽልማቶቹ ሁሉ በፊት የማነሣለት ይህንን ነው፦ ሆልም አንዴ የገባበትን ተውኔት ወይም ታሪክ ትቶ አልሄደም፤ ዕድሜው ሲቀየር ወንበሩን ቀይሮ ተመለሰበት።

ከመድረክ ለረጅም ጊዜ የራቀው ለምንድን ነው?

በ1976 የሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ የዩጂን ኦኒልን «ዘ አይስማን ካሜዝ» በለንደኑ ኦልድዊች ቴአትር ለማሳየት ሲዘጋጅ፣ ሆልም የሂኪን ሚና ይዞ ነበር። ሂኪ ወደ መጠጥ ቤቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሁሉም ሲጠብቀው ቆይቶ፣ በመጨረሻም ብቻውን እጅግ ረጅም ንግግር ተናግሮ የተውኔቱን ሸክም ሁሉ ይሸከማል። ከይፋዊው መክፈቻ በፊት በሚደረጉት የሙከራ ትርዒቶች በአንዱ ላይ ሆልም በድንገት ቃሉ ጠፋው። ከመድረኩ ወጣ፤ ወደ መድረኩም አልተመለሰም። ሚናውን ሌላ ተዋናይ ተረከበው።

የመድረክ ፍርሃት የሚባለውን ነገር ከመድረክ ውጭ ያለን ሰዎች እንደ ጀማሪ ዓይን አፋርነት እንቆጥረዋለን። እውነታው ከዚህ ይለያል። ጀማሪው የሚፈራው ገና ያልሞከረውን ነው፤ አንጋፋውን የሚይዘው ፍርሃት ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ችግር ያደረገውን ነገር ዛሬ ማታ ማድረግ አልችልም የሚል ነው፤ ዝናው ከፍ ባለ ቁጥርም የሚወድቅበት ከፍታ ይጨምራል። ኦሊቪዬን የመሰለ ሰው እንኳ በ1960ዎቹ፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ በዚህ ሕመም ለዓመታት ተሠቃይቷል። የገጸ ባሕርይ ተዋናይ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ራሱን ባዶ አድርጎ ለሌላ ሰው ቦታ መልቀቅ የለመደ ነውና፣ ያ ሌላ ሰው ድንገት ቢጠፋበት በሺህ ዓይን ፊት የሚደገፍበት ነገር አይኖረውም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሆልም ግን በ2004 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለዚያ ውድቀት ሳይሸፋፍን መጻፉ አክብሮቴን ጨምሮታል።

ከዚያ በኋላ፣ በ1979 በለንደኑ ትንሽ ቲያትር ቤት በሃምፕስቴድ በቼኾቭ «አጎት ቫንያ» እንደ መታየቱ ካለው ጥቂት ሥራ በስተቀር፣ እስከ 1993 ድረስ ከመድረክ ርቆ ቆየ። የመለሰው ያው ፒንተር ነው፤ «ሙንላይት» በተባለው አዲስ ተውኔቱ በአልሜዳ ቴአትር በሞት አፋፍ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚሳደብና ልጆቹን የሚናፍቅ አባት ሆኖ ተጫወተ።

በ«ኤሊየን» ውስጥ አሽ ይህን ያህል የሚነገርለት ለምንድን ነው?

መድረክ ሲዘጋበት ካሜራ ተከፈተለት፤ የ«ኤሊየን» ቀረጻ የተካሄደው ከዚያ ክፉ ማታ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሰባት ሰዎችን በአንዲት የጭነት የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ አስቀመጠ፤ ሆልም የሳይንስ መኮንኑን አሽን ያዘ። አሽ ሰው ሠራሽ ፍጡር መሆኑ የሚገለጠው ከፊልሙ አጋማሽ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሆልም ተመልካቹ ባያስተውለውም ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ የሚያገኘውን ምልክት ማስቀመጥ ነበረበት። በአንድ ቦታ ላይ አሽ ብቻውን ሲሆን፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት በቆመበት ለአፍታ እንደሚሮጥ ሰው እግሩን ያፍታታል። ማንም የማያየው ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል? ሰው መሆንን የሚለማመድ ይመስላል። ትንሽ ነገር ናት፤ እንዲህ ያለችው ትንሽ ነገር ግን አሽን ከሌሎች የፊልም ሮቦቶች ለይታ ታኖረዋለች።

ከተሰባበረ በኋላ ራሱ ብቻ ተቆርጦ፣ ነጭ ፈሳሽ እየወጣው፣ መንኮራኩሯ ውስጥ ገብቶ ሰዎቹን ስለሚገድለው ጭራቅ በአድናቆት የሚናገርበት ትዕይንት አስቀያሚ ነው። ሆልም እዚያ ላይ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሲጨርስም ፈገግ ይላል። ተመልካቹ የሚይዘው ነጩን ፈሳሽ ሳይሆን ፈገግታውን ነው።

በ1981 በወጣው «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» ፊልም ስለ ተጫወተው አሠልጣኝ ምን የሚታወቅ አለ?

ሳም ሙሳቢኒ የፊልም ፈጠራ አይደለም። በለንደን የተወለደ፣ የዘር ሐረጉ ሶርያንና ጣሊያንን የሚነካ፣ እስከ 1927 ድረስ የኖረ እውነተኛ የሩጫ አሠልጣኝ ነበር፤ በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ወርቅ ያገኘው ሃሮልድ አብራሃምስም የእርሱ ተማሪ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የአትሌቲክስ መኳንንት ስፖርት ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ መሠራት የለበትም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ደመወዝ የሚቀበል አሠልጣኝ እንደ ቅጥረኛ ይታያል። ለሩጫ ልዩ ፍቅር ላለው ለእኛ አንባቢ አሠልጣኝ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለዚህ የሙሳቢኒ ቁስል ቶሎ ይገባዋል።

ሆልም ይህንን ሰው አጠር ያለ፣ ቆፍጣና፣ ባርኔጣውን የማይጥል አድርጎ አቀረበው። አብራሃምስ እርምጃውን ከልክ በላይ እንደሚያስረዝም ሲያስረዳው ሳንቲሞችን ደርድሮ ያሳየዋል፤ ምርጥ አሠልጣኝ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ትልቁን ነገር በትንሽ ነገር ማሳየት። የፊልሙ ታላቅ ሰዓት ግን ለእኔ ከሩጫው ሜዳ ውጭ ያለው ነው። ሙሳቢኒ በስታዲየሙ ውስጥ ከተማሪው ጎን መቆም ስላልቻለ ብቻውን በሆቴል ክፍሉ ይጠብቃል። ሩጫው ሲያልቅ ማን እንዳሸነፈ አያውቅም። በመስኮቱ በኩል የብሪታንያ ባንዲራ ከፍ ሲል ያያል፤ የንጉሡን መዝሙር ይሰማል። አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ የገለባ ባርኔጣውን አንሥቶ በቡጢ ይበሳዋል፤ «ልጄ» ይላል።

ዕድሜ ልኩን ከበር ውጭ የተቀመጠ ሰው ደስታና ቂም በዚያች ባርኔጣ ላይ አብረው ይወጣሉ። ሆልም በዚህ ሚና በካን ፌስቲቫል የደጋፊ ተዋናይ ሽልማትንና የብሪታንያውን ባፍታ ወሰደ፤ ለኦስካርም ታጨ። ፊልሙ በምርጥ ፊልምነት ኦስካርን ሲያገኝ፣ በደጋፊ ተዋናይነት ያሸነፈው ግን ሌላው የእንግሊዝ መድረክ አንጋፋ ጆን ጊልጉድ ነበር። ሆልም ኦስካር ሳያገኝ ነው የኖረው።

ናፖሊዮንን ስንት ጊዜ ተጫወተ?

ሦስት ጊዜ። በ1974 በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ስለ ፍቅር ሕይወቱ፣ በ1981 በቴሪ ጊሊያም «ታይም ባንዲትስ» ስለ ቁመቱ እየተብሰለሰለ የሚያስቅ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ፣ በ2001 ደግሞ «ዘ ኤምፐረርስ ኒው ክሎዝስ» በተባለው ፊልም። በመጨረሻው ላይ ናፖሊዮንንና በስደት ደሴቱ ላይ በእርሱ ፈንታ የሚቀመጠውን መሳዩን ሁለቱንም ተጫውቷል።

መሪ ተዋናይ ሆኖ አያውቅምን?

በቴሌቪዥንና በመድረክ ብዙ ጊዜ ሆኗል። በፊልም ግን ዋናውን ሚና በሚገባ ያገኘው በስድሳዎቹ ዕድሜው ነው። ካናዳዊው ዳይሬክተር አቶም ኢጎያን በ1997 በሠራው «ዘ ስዊት ሂርአፍተር» ሆልም ሚቸል ስቲቨንስ የተባለ ጠበቃ ነው። በበረዶ በተሸፈነች የካናዳ መንደር የትምህርት ቤት አውቶቡስ በረዷማ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ብዙ ልጆች ይሞታሉ፤ ጠበቃው ወላጆቹን ለክስ ለማሰባሰብ ይመጣል። የተጎዱትን የሚፈልግ ነጋዴ ነው ልንለው ስንዘጋጅ፣ የገዛ ሴት ልጁ በዕፅ ሱስ እየጠፋችበት መሆኑን እናውቃለን። በአውሮፕላን ላይ፣ ልጁ ሕፃን ሳለች መርዛማ ሸረሪት ነድፏት ወደ ሆስፒታል ሲሮጡ፣ ካስፈለገ ጉሮሮዋን ቀድዶ እንዲያስተነፍሳት ሐኪሙ የነገረውን ቢላ በእጁ ይዞ እንዴት እንደተቀመጠ ይተርካል። ካሜራው ፊቱ ላይ ነው፤ እርሱ አያለቅስም፣ እጁንም አያወናጭፍም። እየዘፈነላት ያረጋጋት እንደነበር ሲናገር ብቻ ድምፁ ጥቂት ይቀጥናል። በዚህ ሚና የካናዳውን የጂኒ ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት አግኝቷል።

የ1997ቱ «ንጉሥ ሊር» ለምን ይህን ያህል ይወደሳል?

አሁን ወደ ያዝናት ነጥብ እንመለስ። በ1959 የንጉሡ አጫዋች የነበረው ወጣት በ1997 ንጉሡን ሆነ። አዘጋጁ ሪቻርድ ኤር በብሔራዊ ቴአትር የነበረውን ኃላፊነት በሚያጠናቅቅበት ዓመት፣ ከሦስቱ የተቋሙ አዳራሾች ትንሹን ኮተስሎን መርጦ ተውኔቱን አዘጋጀ። ሊር ብዙውን ጊዜ በትልቅ መድረክ፣ በነጎድጓድና በግርማ የሚቀርብ ተውኔት ነው። ኤርና ሆልም ግን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አደረጉት፤ ተመልካቹ ከንጉሡ ጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ሴት ልጆቹን ሲያስፈራራቸው ያያል። ሆልም ግርማ ሞገስ ያለው አካል አልነበረውም፤ ስለዚህም የእርሱ ሊር የሚያስፈራው በቁጣው ፍጥነት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መንግሥቱን ሲያካፍል የሚቆጣ አባት እንጂ ሐውልት አይደለም። በማዕበሉ ትዕይንት ልብሱን በሙሉ አውልቆ ራቁቱን ቆመ። ዕድሜው 65 ነበር። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ቃል ጠፍቶበት ከመድረክ የወጣ ሰው፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለሽማግሌ ተዋናይ ከተጻፉት ሚናዎች ከባዱን ይዞ፣ የሚሸሸግበት ልብስ እንኳ ሳይኖረው በተመልካች ፊት መቆሙን ሳስብ፣ ይህንን እንደ ትወና ብቻ ልቆጥረው አልችልም።

በ1998 ለዚህ ሥራው የሎረንስ ኦሊቪዬ ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ። ዝግጅቱ ለቴሌቪዥን ስለ ተቀረጸም ዛሬ ማየት ይቻላል።

ፍሮዶንም ቢልቦንም ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1981 የቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተባለውን የቶልኪንን መጽሐፍ በ26 ክፍል ሲያስተላልፍ የፍሮዶ ድምፅ የሆልም ነበር፤ ታማኝ ጓደኛውን ሳምን የተጫወተው ደግሞ ያኔ ብዙም የማይታወቀው ቢል ናይ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በፒተር ጃክሰን ፊልም ቀለበቱን ለፍሮዶ የሚተወው ቢልቦ ሆነ። ሪቨንዴል በተባለው ስፍራ ቢልቦ ቀለበቱን በፍሮዶ አንገት ላይ ሲያይ ፊቱ ለአንዲት ቅጽበት እንደ አውሬ ይለዋወጣል፤ ወዲያው በኀፍረት ያለቅሳል። ፊቱን ለማክፋት የፊልም ጥበብ አግዞታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኀፍረት ግን የእርሱ ብቻ ነው።

በ2012ና በ2014 በወጡት የ«ሆቢት» ፊልሞች ሽማግሌውን ቢልቦ በድጋሚ ሲጫወት ወደ ኒው ዚላንድ መጓዝ አልቻለም ነበርና ትዕይንቶቹ እዚያው እንግሊዝ አገር ተቀረጹ። የመጨረሻ የፊልም ሥራውም ይኸው ነው። በመካከሉ በ2007 በ«ራታቱይ» የካርቱን ፊልም ቁጡውን አጭር የምግብ ቤት ኃላፊ ስኪነርን በድምፁ ተጫውቷል፤ ልጆቻቸው ይህንን ፊልም ደጋግመው ያዩባቸው ወላጆች ሳያውቁት ሆልምን ብዙ ሰምተውታል።

ከሞተ በኋላ በፊልም ታየ የሚባለው እንዴት ነው?

ሆልም ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር በተያያዘ ሰኔ 19 ቀን 2020 በለንደን በ88 ዓመቱ አረፈ። በ2024 የወጣው «ኤሊየን፦ ሮሙለስ» ግን ሩክ የሚባል፣ የአሽን መልክ የያዘ ሰው ሠራሽ ፍጡር አቅርቧል። ይህ የተሠራው በቤተሰቡ ፈቃድ፣ በሚንቀሳቀስ አሻንጉሊትና በኮምፒውተር ሲሆን፣ ንግግሩን ሌላ ተዋናይ ሠርቶታል። ፈቃዱ መገኘቱ ተገቢ ነው። ሆኖም መልኩ ቢመጣም የሆልም ሥራ አብሮ አልመጣም ብዬ አምናለሁ፤ የእርሱ ጥበብ በቆመበት እግሩን የማፍታታት ዓይነት፣ በዚያች ቅጽበት በራሱ ምርጫ የሚወለድ ነገር ነበርና።

ሥራዎቹን ለማየት ከየት ልጀምር?

ጊዜ ለሌለው፣ የሙሳቢኒን የሆቴል ክፍል ትዕይንት። አንድ ምሽት ላለው፣ «ዘ ስዊት ሂርአፍተር»ን፤ ነገር ግን ሐዘን የደረሰበት ሰው ለሌላ ጊዜ ቢያቆየው ይሻላል። ለቴአትር ተማሪዎች የምመክረው የ1973ቱን «ዘ ሆምካሚንግ» ነው። መጀመሪያ እንደ ተመልካች ይዩት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሌሎች ሲናገሩ ሌኒን ብቻ ይከተሉ። ሆልም በማይናገርበት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ፣ ማንን እንደሚያይና መቼ ማየቱን እንደሚያቆም ይጻፉ። በሦስተኛው ጊዜ የ«ንጉሥ ሊር»ን የቴሌቪዥን ቅጂ ከፍተው፣ በማዕበሉ ውስጥ ከንጉሡ ይልቅ በአጠገቡ የተኮማተረውን አጫዋች ይመልከቱ፤ ያ ቦታ በ1959 የእርሱ ነበር።